ጀርመንን የማነጋገር ሥነ ሥርዓት

ከጊዛ እስከ ሄሊዮፖሊስ፣ ሰው እንደ ጉንዳን በሚርመሰመስባት በታላቋ ካይሮ፣ ጥቁር መስኮት ከፍታ፣ በፊደል ብቻ፣ ጀርመን አገር ከተቀመጠ ኮምፒውተር ጋር ምስጢር የምታወራ ሰው አንዲት ብቻ ነበረች። ስሟ ሶሊያና ነው። ዕድሜዋ ዐሥራ ስድስት። ይህን ታላቅ እውነት ለሕዝብ ያስታወቀችው ራሷ ሶሊያና ስለሆነች ሌላ ምስክር አላስፈለገም።

«እኔ ባልኖር ይሄ ማኅበር ከዓለም ተቆርጦ ይቀር ነበር» ትላለች፣ አባሲያ ሰፈር ያለውን የማኅበሩን ሕንፃ ደረጃ ሦስት ሦስቱን እየዘለለች ስትወጣ።

በርግጥ ማኅበሩን ከዓለም ጋር ያገናኘችው ሁለት ጊዜ ነው። ሁለቱንም ጊዜ የጀርመኑ ኮምፒውተር አዋቂ ኤርምያስ ከኋላዋ ቆሞ «አሁን ይህን ንኪ፣ አሁን ያን ንኪ» ይላት ነበር። ታላላቅ ሰዎች ግን እንዲህ ያለውን ጥቃቅን ነገር አያስታውሱም።

ማኅበሩ የኢትዮጵያውያን መረዳጃ ሲሆን ሦስተኛ ፎቅ ላይ አንዲት ክፍል፣ አንድ የሚንቋቋ ማራገቢያ፣ አንድ ኮምፒውተርና ሦስት የኮሚቴ አባላት ነበሩት። ሊቀ መንበሩ አቶ ለገሠ አገር ቤት በአንድ መሥሪያ ቤት መዝገብ ክፍል ሃያ ሁለት ዓመት አገልግለዋል። ማኅተም ያላረፈበትን ወረቀት እንደ ወረቀት አይቆጥሩትም፤ የራሳቸውን የሠርግ ፎቶግራፍ እንኳ ከጀርባው አትመውበታል። ጸሐፊው አቶ ካሳሁን ዐሥራ ሦስት ዓመት በስደት የኖሩ ናቸው፤ ከእነዚህም ዐሥራ ሁለቱን ማን እንደሚከተላቸው ሲያጣሩ አሳልፈዋል። እስካሁን የተገኘ ተከታይ የለም፤ ይህም እሳቸው እንደሚሉት የተከታዩን ብቃት ያሳያል። ሦስተኛዋ ንብረት ያዧ እትዬ ዘይነባ ናቸው። ዛማሌክ በአንድ ዲፕሎማት ቤት ሲሠሩ ይውሉና ስብሰባው ላይ ደርሰው፣ ሁሉ ተናግሮ እስኪደክመው ጠብቀው፣ አንዲት ነገር ተናግረው ይሄዳሉ። ያቺን አንዲት ነገር ማንም በቃለ ጉባኤ አስገብቷት አያውቅም።

እንግዲህ የዕድር ሣጥን ሦስት ቁልፍ እንዳለው የታወቀ ነው። አንዱ ከሊቀ መንበሩ፣ አንዱ ከጸሐፊው፣ አንዱ ከንብረት ያዡ ዘንድ ይቀመጣል፤ ሦስቱ ካልተገናኙ ሣጥኑ አይከፈትም። ይህም የሆነው ሦስቱም እርስ በርስ ስለሚተማመኑ ነው።

ባለፈው ዓመት ኤርምያስ ከጀርመን ለጥየቃ መጣ። ኤርምያስ በስደት ዘመኑ ሁለት ዓመት እትዬ ዘይነባ ቤት ተከራይቶ የኖረ፣ በእጃቸው በልቶ ያደረ ልጅ ነው። የላይኛው ጎረቤት የልብስ ውኃ ጣሪያውን ሰንጥቆ የማኅበሩን ትምህርት ቤት መዝገብ እንዳራሰው ሲሰማ፣ የተማሪዎቹን ውጤት ጀርመን ባለው ሰርቨር በሚባል ኮምፒውተር ላይ አስቀመጠላቸውና «በሉ የይለፍ ቃል ምረጡ፤ ለአንድ ሰው ስጡት» አለ።

«ለአንድ ሰው?» አቶ ካሳሁን ብድግ አሉ። «አገር የጠፋችው ለአንድ ሰው እየተሰጠች አይደለም እንዴ?»

ኮሚቴው ሦስት ሰዓት ተቀምጦ የይለፍ ቃሉን እንደ ሣጥኑ ሦስት ቦታ ቆረጠው። አቶ ለገሠ መጀመሪያውን፣ አቶ ካሳሁን መካከሉን፣ እትዬ ዘይነባ መጨረሻውን ያዙ። አንዱ ሲጽፍ ሁለቱ ፊታቸውን ወደ ግድግዳ ያዞራሉ። ሶሊያና ደግሞ የቴክኒክ አማካሪ ተብላ ተሾመች፤ የምትዞርበት ግድግዳ ስላልተረፈ ዓይኗን በመዳፏ እንድትሸፍን ተወሰነ።

ሁሉም ነገር ተጠበቀ። ከሁሉም በላይ ግን ከባለቤቶቹ ተጠበቀ።

ማክሰኞ ዕለት ከኤርምያስ አጭር መልእክት መጣ። ሰርቨሩ አርጅቷል፤ ሐሙስ ልክ በካይሮ እኩለ ቀን ይዘጋል፤ ያላችሁን ቀድማችሁ አውጡ ይላል። ያለው ደግሞ የሠላሳ አንድ ልጆች ውጤት ነው። ከሠላሳ አንዱ አንዷ ሶሊያና ናት። ዶቂ ያለ የኮምፒውተር ማሠልጠኛ የስምንተኛ ክፍል ውጤቷን ይዛ ሐሙስ እስከ ዘጠኝ ሰዓት ከደረሰች ሊመዘግባት ቃል ገብቷል። መዝጋቢዋ ሴትዮ «ወረቀት ከሌለ ኸላስ፣ አለቀ» ብላት መዳፏን አራግፋለች። እናቷም በበኩሏ ከሌለ ብላ፣ ዛማሌክ መንታ ሕፃናት የሚጠበቁበት ቤት አግኝታላታለች። ሥራው ቅዳሜ ይጀመራል። መንታዎቹ ይናከሳሉ ይባላል።

«ምን ያስጨንቅሻል?» አለች ለራሷ። «አንቺ እኮ ጀርመንን የምታነጋግሪ ልጅ ነሽ።»

ረቡዕ ከሰዓት በኋላ ኮሚቴው ሙሉ አባላቱ በተገኙበት ተሰበሰበ። ሶሊያና ጣቶቿን አንቋቋች፤ ጥቁሩን መስኮት ከፈተች፤ ትእዛዟን በትንንሽ ፊደል ጻፈችና የመጨረሻዋን ቁልፍ ሰው እንዲሰማ አድርጋ መታቻት። ማሽኑ ግን አልገባም። ጠየቀ።

«ምን ይላል?» አሉ አቶ ለገሠ ግንባራቸው ላይ ያለውን መነጽር በኪሳቸው እየፈለጉ።

«‹የምትሄዱበትን ኮምፒውተር አላውቀውም፤ የጣት አሻራው ይሄውላችሁ፤ ልቀጥል ወይስ ልተው?› ይላል። አሮጌው ኮምፒውተራችን ያውቀው ነበር፤ እሱ ሰኔ ላይ ተቃጠለ። ይሄ አዲስ ስለሆነ ነው። ‹አዎ› ብዬው ልለፍ?»

«ቁሚ!» አቶ ካሳሁን መጋረጃውን ዘጉ። «ጠያቂው ማን ነው?»

«ማሽኑ።»

«የማን ማሽን?»

«የኛ።»

«የኛ ከሆነ ለምን ይመረምረናል?»

በዚህ ነጥብ ላይ አርባ ደቂቃ ውይይት ተካሄደ። ከዚያ አቶ ለገሠ ወደ አሻራው ተሻገሩ። በመስኮቱ ላይ የተደረደረውን የቁጥርና የፊደል ሰንሰለት ከግራ ወደ ቀኝ አዩት፤ ከቀኝ ወደ ግራም አዩት።

«በኔ ጊዜ» አሉ «አሻራ የሚወሰደው በቀለም፣ ሁለት እማኝ ባለበት ነበር። ይሄ የማን አውራ ጣት ነው?»

«ጋሼ፣ የኮምፒውተሩ ነው።»

«እማኞቹ የታሉ?»

እትዬ ዘይነባ ነጠላቸውን አስተካከሉ። «እዚያ ያለው ኤርሚ አይደል? ልደውልለትና ‹ይሄ አሻራ ያንተ ቤት ነው ወይ?› ልበለው?»

«ስልክ!» አሉ አቶ ካሳሁን፣ ሰው ወደ ገደል እየሄደ እንዳዩ ሁሉ። «ስልክ ይጠለፋል፣ ወይዘሮ ዘይነባ!»

ሶሊያናም ለሕፃን እንደሚሳቅ ፈገግ አለች። «እትዬ፣ ይሄ ጥቁር መስኮት ኮማንድ ላይን ይባላል። በስልክ የሚያልቅ ነገር አይደለም።» ደግሞስ ኤርምያስ ከተደወለለት እሷ ምን ልትባል ነው? ጀርመንን የምታነጋግር ልጅ፣ ጀርመን እስኪያነጋግራት ቆማ ስትጠብቅ?

እትዬ ዘይነባ «ማሌሽ፣ ግድ የለም» አሉ። ያቺም አንዲት ነገራቸው ሳትመዘገብ ቀረች።

ፀሐይ ስታዘቀዝቅ የሚከተለው ውሳኔ በጽሑፍ ሰፈረ፤ «ማሽኑ ላቀረበው ጥያቄ ኮሚቴው በጥልቀት ከመከረ በኋላ ‹አዎ› እንዲባል በሙሉ ድምፅ ወስኗል።» ማኅተም ተመታበት። ውሳኔውን ለማሽኑ መንገር ግን ተረሳ፤ የመግሪብ አዛን ተሰምቶ ነበር፤ እትዬ ዘይነባም እንግዳ ያለበት ቤት ይጠብቃቸዋል። ኮምፒውተሩ ተዘጋና ሁሉም ወደየቤቱ ሄደ።

ሐሙስ ጠዋት አራት ሰዓት ላይ እንደገና ተሰበሰቡ። ሶሊያና ሌሊቱን በሕልሟ መንታ ሲነክሳት አድራ ዓይኗ ቀልቷል፤ ኩራቷ ግን ሙሉ እንቅልፍ ተኝቶ ተነሥቷል። ትእዛዙን ጻፈች፤ ማሽኑም የትናንቱን ጥያቄ ሳያፍር መልሶ ጠየቀ። እጇ አየር ላይ ቆመ።

«ጋሼ ለገሠ፣ ውሳኔው ታሪካዊ ስለሆነ በትልልቁ ፊደል ልጻፈው?»

አቶ ለገሠ ዓይናቸው ረጠበ። ሃያ ሁለት ዓመት መዝገብ ቤት ሲሠሩ እንዲህ ያለ ወጣት አላጋጠማቸውም። «በትልልቁ!»

ሶሊያና ከግራ በኩል ያለችውን የትልልቅ ፊደል ቁልፍ በትንሿ ጣቷ ጠቅ አደረገችና «አዎ»ዋን በእንግሊዝኛ፣ እንደ ሱቅ ማስታወቂያ አግዝፋ ጻፈች። ማሽኑ እሺ አለ። ጭብጨባ ሆነ።

«ሶሊ» አሉ እትዬ ዘይነባ ወደ ኪቦርዱ ቀኝ ጥግ እያመለከቱ «ቅድም አንድ መብራት ነበር፤ አሁን ሁለት ሆነ።»

«ጌጥ ነው እትዬ።»

«ማዳም ቤት ያለው ማሽን መብራት ካበራ የሆነ ነገር ሊል ፈልጎ ነው።»

«እትዬ፣ ይሄ እኮ ልብስ አያጥብም!»

አቶ ለገሠና አቶ ካሳሁን ከት ብለው ሳቁ። እትዬ ዘይነባም ሳቁ፤ የሳቁት ግን ትንሽ ዘግይተው ነው።

የይለፍ ቃሉ ሰዓት ደረሰ። አቶ ካሳሁንና እትዬ ዘይነባ እንደ ተቀጣ ተማሪ ወደ ግድግዳው ዞሩ፤ ሶሊያና ዓይኗን ሸፈነች። አቶ ለገሠ ኪቦርዱ ፊት ቆመው ኮታቸውን ቆለፉ።

«ክቡራትና ክቡራን» አሉ ለሁለቱ ጀርባዎችና ለተሸፈኑት ሁለት ዓይኖች። «ይህች ዕለት…»

ንግግሩ የማኅበሩን አመሠራረት፣ ያጋጠሙትን ፈተናዎችና የወደፊት አቅጣጫውን ዳሰሰ። ከዚያ ጻፉ፤ አቶ ካሳሁን ጻፉ፤ እትዬ ዘይነባ ጻፉ። ሶሊያና የመጨረሻዋን ቁልፍ ስትመታ ማሽኑ አንዲት መስመር ብቻ መለሰ።

«ሄዷል» አለች። «ብዙ ካስጠበቁት በራሱ ጊዜ ይዘጋል።»

«እኔ እየተናገርኩ?» አቶ ለገሠ ክው አሉ። «ስብሰባ ረግጦ ወጣ?»

«ወጣ።»

«ይመዝገብ!»

አቶ ካሳሁን መዘገቡ። ሶሊያና ግን ዘና ብላ ወደ ላይ የምትጠቁመዋን የቀስት ቁልፍ ነካች፤ የቀድሞዋ ትእዛዝ ራሷ ተመልሳ ብቅ አለች። «ባለሙያ አንድ ነገር ሁለት ጊዜ አይጽፍም» ብላ ዞር ብላ ያየ ሰው እንዳለ ተመለከተች። ሁሉም ዓይናቸው ቃለ ጉባኤው ላይ ነው።

ከዚህ በኋላ ያለንግግር እንዲጻፍ ተማጸነች። አቶ ለገሠ በአንድ ጣት፣ ዶሮ ጥሬ እንደምትለቅም፣ ይለቅሙ ጀመር።

«አይጽፍም! ምንም አይታይም!»

«ጋሼ፣ የይለፍ ቃል ስለሆነ እየደበቀው ነው። ይጻፉ ዝም ብለው።»

አቶ ካሳሁን ከግድግዳው ሳይዞሩ ራሳቸውን ነቀነቁ። «ይሄስ ማሽን ሰው ነው። የሰማውን አያወራም።»

ሦስቱም ጽፈው ጨረሱ። ሶሊያና ቁልፏን መታች፤ አነበበች።

«ምን አለ?»

«‹አላውቃችሁም፤ ፈቃድ የላችሁም› አለ።»

አቶ ለገሠ የቆለፉትን ኮት ፈቱ። ማራገቢያው ተንቋቋ።

«ማን ነው የከለከለኝ?» አሉ አቶ ለገሠ በቀስታ። «ማዕረጉስ ምንድን ነው? በስንት ቁጥር ደብዳቤ ነው የከለከለኝ?»

እንደገና ተሞከረ፤ እንደገና አላወቃቸውም። ሶሊያና ቀስቷን ነካች፤ ግድግዳ፣ ዶሮ፣ ግድግዳ፤ አላወቃቸውም። አምስት ሰዓት ተኩል ሆነ። አቶ ለገሠ የተቃውሞ ደብዳቤ በማኅተም ለሰርቨሩ እንዲላክ ሐሳብ አቀረቡ። አቶ ካሳሁን ግን ከግድግዳው ዞር ሲሉ ዓይናቸው ጠቦ ነበር።

«ከሦስቱ አንዱ እየተሳሳተ ነው» አሉ። «ወይም ሆን ብሎ ነው። እኔ ቃሌን በእንቅልፌም አልስተውም።»

«እኔማ መዝገብ ቤት የሠራሁ ሰው ነኝ» አሉ አቶ ለገሠ።

ሁለቱ የተማሩ ሰዎች በአንድነት ወደ እትዬ ዘይነባ ዞሩ። ሶሊያናም አብራ ዞረች። በሐሳቧ መንታዎቹ ጥርሳቸውን እያፋጩ ነው፤ እንዲህ ባለ ጊዜ ደግሞ ከራስ ሌላ ጥፋተኛ ማግኘት ያሳርፋል።

«እትዬ… ምናልባት ቁጥሮቹን ተሳስተው ይሆን?»

እትዬ ዘይነባ አዩአት። «እኔ? የልጄን የኢልሃሜን የተወለደችበትን ዓመት ልሳሳት? ሺህ ዘጠኝ መቶ ሰማንያ ስድስትን?»

«ምስጢር ወጣ!» አቶ ካሳሁን ሁለቱንም ጆሮዎቻቸውን ያዙ። ከዚያም በጸሐፊነት ግዴታቸው መሠረት ምስጢር መውጣቱን፣ የወጣውንም ምስጢር ሙሉ ዝርዝር በቃለ ጉባኤው ላይ በጉልህ አሰፈሩ። አቶ ለገሠ ማኅተም መቱበት።

አምስት ሰዓት ከአርባ ሆነ። ሶሊያና የመጨረሻዋን ሙከራ ሞከረች። አላወቃቸውም። ቀስቷን ስትፈልግ ሌላ ቁልፍ ነካች። ስለ ጀርመን ማሰብ ትታ ስለ ቅዳሜ ማሰብ ጀምራለች፤ ስለ ዶቂዋ ሴትዮ፣ መዳፏን ስላራገፈችው።

እትዬ ዘይነባ ማንንም ሳያስፈቅዱ ወደ በረንዳው ወጡ። ከቦርሳቸው ሞባይላቸውን አውጥተው አንድ ጊዜ ብቻ አስጠሩና ዘጉ። ካይሮ ውስጥ ራና ይሉታል፤ አንድ ሳንቲም አያስወጣም፤ የሚወድህ ሰው ካለ መልሶ ይደውላል። ሁለት ደቂቃ ሳይሞላ ስልኩ ጮኸ።

«ኤርሚዬ! ደህና ነህ? በላህ? … ዋሸኸኝ፣ ድምፅህ ያስታውቃል። … ስማ፣ ይሄ የልጆቹ ወረቀት እምቢ አለን። … አዎ። … አዎ። … ቆይ።» ወደ ውስጥ ብቅ አሉ። «ሶሊ፣ ‹በቀኝ ጥጉ ስንት መብራት በርቷል?› ይላል።»

ሶሊያና ኪቦርዱን አየችው። ማንም እንዲህ ቀስ ብሎ ኪቦርድ አይቶ አያውቅም።

«ሁለት» አለች።

«ሁለት ነው ትላለች ኤርሚ። … እሺ። ‹አንዱ የትልልቅ ፊደል ነው፤ እሱ ከበራ የምትጽፉት ሁሉ በትልልቁ ነው የሚሄደው፤ አያውቃችሁም። ማን ነው የከፈተው?› ይላል።»

ኮሚቴው እርስ በርሱ ተያየ። አቶ ለገሠ ለፍትሕ የቆሙ ሰው ናቸውና ቃለ ጉባኤውን ገልጠው ጣታቸውን በመስመሮቹ ላይ አስኬዱ።

«‹በትልልቁ ፊደል ይጻፍ ዘንድ ሐሳብ ያቀረበችው፣› … እ… ‹የቴክኒክ አማካሪያችን ወይዘሪት ሶሊያና።›»

«አመሰግናለሁ ጋሼ» አለች ሶሊያና።

በትንሿ ጣቷ ጠቅ አደረገች። አረንጓዴዋ መብራት ጠፋች። ለመጨረሻ ጊዜ ሁለት ጀርባ ወደ ግድግዳ፣ አንድ ዶሮ ወደ ጥሬ፤ እትዬ ዘይነባ ስልኩን በትከሻቸው ይዘው አራቱን ቁጥሮቻቸውን መቱ። ቁጥር ደግሞ ትልልቅና ትንንሽ የለውም። ጠዋቱን ሙሉ ከይለፍ ቃሉ ሦስት ቁራጮች በትክክል ሲጻፍ የነበረው ያ የተጠረጠረው ብቻ ነበር።

ማሽኑ በሩን ከፈተ። ከሰርቨሩ ውስጥ ሠላሳ አንድ ስም ተሰልፎ መጣ። ሶሊያና በተቻኮለ እጅ ፋይሉን ወደዚህ ገለበጠችው፤ ማተሚያው እየሳለ፣ እያቃሰተ ወረቀቱን አወጣ። ለስድስት ሰዓት ዘጠኝ ጉዳይ ነበር። ኤርምያስ በስልኩ ውስጥ «ታዲያ ማክሰኞ ለምን አልደወላችሁልኝም?» ሲል ተሰማ፤ ይህ ጥያቄ በአጀንዳ ስላልተያዘ መልስ አልተሰጠበትም።

ደስታ ሆነ። አቶ ለገሠ ሠላሳ አንዱንም ወረቀት፣ ማኅተሙ ላይ እየተነፈሱ፣ እያሞቁት፣ ሁለት ሁለት ጊዜ አተሙ። አቶ ካሳሁን መጋረጃውን ከፈቱ። ሶሊያና የራሷን ውጤት በደረቷ አቅፋ ቆመች፤ ሂሳብ ሰማንያ ዘጠኝ፣ ሥነ ምግባር ሃምሳ አንድ። መንታዎቹ ወደ ዛማሌካቸው ተመለሱ። የልቧ ምት ተስተካከለ፤ የፊቷ ቀለም ተመለሰ፤ ሩብ ሰዓት ሳይሞላም ኩራቷ ከሄደበት መጣ።

«ጋሼ ካሳሁን» አለች ጉሮሮዋን ጠርጋ «ቃለ ጉባኤው ላይ ሲጽፉት እንዲህ ይበሉት፤ ‹በካይሮ ጀርመንን የምታነጋግር ብቸኛዋ ሰው ባደረገችው ያላሰለሰ ጥረት…›»

አቶ ካሳሁን ብዕራቸውን አነሡ። እትዬ ዘይነባ ስልካቸውን ቦርሳቸው ውስጥ ከተው፣ ነጠላቸውን አጣፍተው በሩ ላይ ቆሙ።

«ማሌሽ ሶሊ» አሉ። «እኔ ጀርመንን በየጁምዓው ነው የማናግረው። አንድም ቀን ‹አላውቅሽም› ብሎኝ አያውቅም።»